«ያዝ!» ሲባል

ተረት ተረት፤ ውሻ ያላችሁም የሌላችሁም ስሙኝማ።

አንድ ትልቅ ውሻ አዲስ ለመጣው ቡችላ ሥርዓት ያስተምር ነበር። ምንጣፍ ላይ ሊሸና ሲል በማጅራቱ አንጠልጥሎ ጓሮ ያወጣዋል።

«ጌታችን ‹ያዝ!› ካለህ ዘለህ መንከስ ነው» አለው አንድ ቀን።

«ማንን?» አለ ቡችላው።

«እሱን መጠየቅ ያንተ ሥራ አይደለም። እኔ ጠይቄ አላውቅም፤ ይኸው ጠግቤ እየበላሁ ኖርኩ።»

ቡችላው አደገ፤ አስተማሪው አረጀ። አንድ ጠዋት ሽማግሌው ጓሮ ሳይደርስ አመለጠውና ያንኑ ምንጣፍ አራሰው። ጌታው ይህን ሲያይ በሩን በረገደና «ያዝ!» አለ።

«ልጄ፣ እኔ እኮ ነኝ!» ሲል ጮኸ ሽማግሌው።

ልጁ ማንን ብሎ አልጠየቀም።

ተረቴን መልሱልኝ፤ ዳቦውን ግን ከአጥሩ ውጭ ለተኛው ጣሉለት።