ባዶ ወጭት

በመንዝ ደጋ፣ ብርዱ ጆሮ በሚቆርጥበት አንድ አምባ ጥግ ላይ፣ ባዶ ወጭት የምትባል መንደር አለች። ስሟን የሰማ መንገደኛ ሁሉ «እዚያ አድሬ ምን ሊያበሉኝ ነው?» እያለ እግሩን ያፈጥናል። ሞኝ! አድሮ ቢሆን ኖሮ በማግስቱ መታጠቂያውን አላልቶ፣ ቁልቁለቱን እያለከለከ ነበር የሚወርደው።

በዚያች መንደር አንድ ልማድ አለ። አባት ልጁን ከዳረ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊጠይቃት ሲመጣ ሰባት ወጭት ይቀርብለታል። በስድስቱ ውስጥ ስድስት ዓይነት ምግብ አለ፤ ስድስቱም ከባቄላ የተሠሩ ናቸው። ሰባተኛው ወጭት ተከድኖ ይመጣና ሲከፈት ባዶ ነው። እንግዳ ሰው ይህን ሲያይ ስድብ ይመስለዋል፤ የአገሩ ሰው ግን ከንፈሩን ነክሶ፣ ሳቁን ይዞ፣ የአባትየውን አፍ አፍ ያያል። ለምን እንደሆነ ሽማግሌዎቹ የሚሉት አላቸው።

እንደሚነገረው፣ በድሮ ጊዜ (ዘመኑን አንዱ በዚህ ንጉሥ፣ ሌላው በዚያ ንጉሥ እያለ እስከ ዛሬ ይጨቃጨቅበታል) በዚያ አምባ ላይ አንጓች የምትባል ሴት ትኖር ነበር። አባቷ ባላምባራስ ጓንጉል ከገደሉ ማዶ፣ ጤፍና ማር ከሞላበት ወይና ደጋ፣ የታወቁ ባለጸጋ ነበሩ። እሷን ለወልደየስ የሰጡት ብርቱ አራሽ ነው ተብለው ነው፤ እውነትም ብርቱ ነበር፣ ደግሞም ወደዳት፣ እሷም ወደደችው፣ ሦስት ልጆችም ወለዱ። በተጋቡ በሰባተኛው ዓመት ግን ገብሱ ወተት ሲይዝ ውርጭ መጣና በአንድ ሌሊት አነደደው። የተረፈው ከቤቱ በታች፣ ከቋጥኝ ሥር የተዘራው ባቄላ ብቻ ነበር።

አንጓች አላለቀሰችም ይባላል። ባቄላውን አስወቅታ፣ አበጥራ፣ ለዘር የሚሆነውን በአንድ ጎታ ከታ አፉን በጭቃ መረገችው። የቀረውን በቁና ሰፈረችና እስከሚቀጥለው አዝመራ ያሉትን ሳምንታት ቆጠረች፤ ለእያንዳንዱ ሳምንት አንዲት ቁና ደረሰች። ባሏንም ጠርታ «ወልደየስ፣ ከሳምንቱ ቁና በላይ አንዲት ፍሬ አትወጣም፤ እንግዳ ቢመጣም፣ መልአክ ቢመጣም» አለችው። እሱም «መልአክስ አይበላም፤ እንግዳው ነው የሚያሰጋኝ» አለ።

ያሰጋው እንግዳ አልቀረም። የገበያ ወሬ መቼ ገደል ይገታዋል! «የባላምባራስ ልጅ ከነልጆቿ ባቄላ ስትቆረጥም ትውላለች» የሚል ወሬ ከአባቷ ጆሮ ገባ። ባላምባራስ ደማቸው ፈላ። በዐቢይ ጾም፣ በአንዱ ቅዳሜ ጧት፣ በበቅሏቸው ላይ ሆነው፣ ኮርቻ የተጫነች ሌላ በቅሎ ባዶዋን አስከትለው መጡ። ወገባቸውን በሰፊ የጥጥ ድግ ሦስት ጊዜ አዙረው ጠበቅ አድርገው ታጥቀዋል። የልጅ ልጆቻቸው ጉንጫቸው ሞልቶ፣ ዓይናቸው እየበራ ሊስሟቸው ሲሮጡ እንኳ አላስተዋሉም።

«ተነሺ ልጄ፣ ልጆችሽንም ያዢ። እኔ ሳልሞት አንቺ በባቄላ አትኖሪም» አሉ ቆመው።

ወልደየስ አንገቱን ደፋ። ውርጩን እሱ አልጠራውም፤ ቢሆንም የሰው ልጅ አግብቶ አስራበ መባል ሞት ሆነበት። አንጓች ባሏን አየችው፣ ቤቷን አየችው፣ ያቺን ኮርቻዋን የተሸከመች ባዶ በቅሎ አየቻት። በዚያ በቅሎ ላይ ከወጣች እንደማትመለስ ታውቃለች፤ አባቷ አንዴ የወሰዱትን የሚመልሱ ሰው አይደሉም።

«አባባ፣ ሰባት ቀን ይቆዩልኝ» አለቻቸው። «የማበላዎ ከዚህችው ከሳምንቱ ቁናዬ ነው፤ ሌላ አልጨምርም። አንድ ማዕድ ሁለት ጊዜ ካቀረብኩልዎ፣ ወይም አንድ ቀን ሳይጠግቡ ከተነሡ፣ በቅሎዋ ላይ ራሴ እወጣለሁ።»

ባላምባራስ እስኪያስላቸው ሳቁ። የቤቱ የንስሐ አባት መምሬ አፈወርቅ ተጠርተው ምስክር ሆኑ።

«ቆሎ አይቆጠርም! ቆሎ የመንገደኛ ነው» አሉ ባላምባራስ።

«ይሁን።»

«ቂጣም አይቆጠርም!»

«እሱም ይሁን አባባ፤ ግን ይቀመጡ።»

ጊዜው ጾም ስለነበረ የሚበላው ከቅዳሴ በኋላ አንድ ጊዜ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ቀደም ይላል። ቅቤ በማንም ቤት ድስት አይገባም፤ ባለጸጋውም ድኻውም እኩል የሆነበት ወቅት ነው። አንጓች ይህን አስባበት ነበር የሚሉ አሉ። ባላምባራስ ደግሞ በጾም ነገር አይታሙም፤ «አርባ ዓመት ሙሉ ቅዳሴ ሳይወጣ ውኃ በአፌ አልዞረም» እያሉ ለሰው ሁሉ ይናገራሉ፤ ለመምሬ አፈወርቅም በዚያው ቅዳሜ ሁለት ጊዜ ነገሯቸው።

ያን ቀን ባቄላውን ከክታ፣ በሽንኩርትና በበርበሬ አቁላልታ በባቄላ ቂጣ የሚበላ ክክ ወጥ ሠራች። ማንም ሳያያት ግን ሌላም ነገር አደረገች። ከጎረቤት በለመነችው እፍኝ ሱፍ ጭማቂ ላይ የባቄላ ዱቄት አብስላ፣ ሲበርድ ከአጥሯ ሥር የበቀለውን ሰናፍጭና ነጭ ሽንኩርት ወቅጣ ጨመረችበት፤ ይህ ስልጆ ነው፣ ካልቆየ አይጥምም። በትንሽ ማሰሮ ከደነችውና በአሮጌ ነጠላዋ ጠቅልላ፣ ብርዱ እንዳይገድለው ከምድጃው አጠገብ አስቀመጠችው። ለሰባተኛው ቀን ለዓርብ የታሰበ ነበር።

እሑድ ሽሮ ሆነ። ሰኞ አሹቅ ሆነ፤ ባቄላው ተቆልቶ፣ በውኃ ርሶ፣ በሰናፍጭና በቃሪያ ተለውሶ ቀረበ። ማክሰኞ ከቅዳሜ ጀምሮ ዘፍዝፋ ያስበቀለችውን በቆልት ቀቅላ አወጣች፤ ባላምባራስ በጥርሳቸው ቀጭ ሲያደርጉት «ይሄ ደግሞ ጣፍጧል እኮ፣ ምን አደረግሽበት?» ብለው ጠየቁና መጠየቃቸው አናደዳቸው። ረቡዕ ንፍሮ ቀረበ። «ሃ! አሁንስ አለቀብሽ፣ ንፍሮ ማን ያጣል!» ብለው ነበር፤ ከተቆላ ተልባና ከጨው ጋር ትኩሱን ሲቀምሱት ግን ለልጆቹ የተቀመጠውንም በዓይናቸው ጎበኙት።

እየዋለ እያደረ ባላምባራስ ላይ አንድ ነገር መጣባቸው። ጧት ፀሐይ ሲሞቁ ፊታቸውን ወደ ጭስ መውጫው አዙረው፣ አፍንጫቸውን ከፍ አድርገው፣ የዛሬው ምን ይሆን እያሉ መገመት ጀመሩ። ሦስት ዙር የነበረው ድግም ሁለት ዙር ተኩል ሆነ። ወልደየስ አይቷል፤ ግን ማን ደፍሮ ይናገራል!

ሐሙስ እልበት ነበር፤ የባቄላ ዱቄት ከአብሽ ጋር በስሎ፣ እንደ አረፋ ነጭ እስኪሆን በእጅ የተመታ። የዚያን ዕለት ቤተሰቡ ሁሉ ቅዳሴ ሲሄድ ባላምባራስ «ጉልበቴን አሞኛል» ብለው ቀርተው ነበር። ቤተሰቡ ሲመለስ እልበቱ ቀረበላቸው፤ ሁለት ሦስት ጉርሻ ወስደው «ጠግቤአለሁ፣ ጠግቤአለሁ» ብለው እጃቸውን ታጠቡ። አንጓች ገረማት፤ ግን ጠገብኩ ካሉ ጠገቡ ነው ብላ ደስ አላት።

ዓርብ ቁናዋ ተጠራርጋ አልቃለች። ከቅዳሴ እንደተመለሱ ጎረቤቱ ሁሉ ደጅ ተሰበሰበ፤ መምሬ አፈወርቅም መጡ። አንጓች ጓዳ ገባች፣ ነጠላውን ፈታች፣ ማሰሮውን ከፈተች። ወይ ጉድ! ማሰሮው በጣት ተጠርጎ እንደታጠበ ሆኗል።

መጀመሪያ የጠረጠረችው ልጆቿን ነው፤ ትልቋን ድንቄን ጠርታ አፈጠጠችባት።

«በመድኃኔዓለም አልነካሁም እማዬ! ትናንትም ዛሬም ካንቺ ጋር ቤተ ክርስቲያን አልነበርኩም?»

እውነቷን ነው፤ ሁሉም እዚያ ነበሩ። ከአንድ ሰው በቀር ሁሉም። አንጓች ያኔ የትናንቱ ሁለት ጉርሻ ትዝ አላት፤ ከዚያ ደግሞ ጧት ያየችው፣ በአባቷ ጋቢ ጥለት ላይ የደረቀ ቢጫ የሰናፍጭ ጠብታ ትዝ አላት። ሳቅ ድንገት መጣባትና የቀሚሷን እጅጌ ነከሰች። ወዲያው ደግሞ ሳቁ ወደ ልቅሶ ተለወጠባት፤ አርባ ዓመት ጾምኩ ያለን አባት፣ በንስሐ አባትና በጎረቤት ፊት፣ እንዴት ብላ ታዋርደው!

ወልደየስ ሊያያት ገብቶ ነገሩን ሲሰማ «ታዲያ ተናገሪ እንጂ!» አላት።

«አባቴን በሰው ፊት ጾም ገዳፊ አላሰኝም።»

«እኔስ? እኔን ጥለሽ ልትሄጂ ነው?»

እንባዋን ጠረገች፣ ሰባተኛውን ወጭት ባዶውን ከደነችው፣ በሁለት እጇ ይዛ ወጣችና አባቷ ፊት አስቀመጠችው። ሁለቱ በቅሎዎች ኮርቻቸው ተጭኖ ደጅ ቆመዋል።

ባላምባራስ ክዳኑን አነሡ። ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ አየ። ባዶ!

«አንጓች፣ ልጄ፣ ሰባተኛውስ?» አሉ መምሬ አፈወርቅ።

«አባቴ የፈረዱትን እቀበላለሁ» አለችና ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች።

እንግዲህ እዚህ ላይ የሚተርኩት ሽማግሌዎች ሁሉ ፋታ ይወስዳሉ። ባላምባራስ ጓንጉል «ተነሺ» ቢሉ ነገሩ አልቋል፤ ልጃቸውን ይዘው፣ የአርባ ዓመት ስማቸውን ይዘው፣ ማንም ሳያውቅባቸው ይሄዳሉ። ወጭቱን አዩት። ልጃቸውን አዩአት። እንደምታውቅ አወቁ። አውቃ ዝም ማለቷን ሲረዱ ፊታቸው በርበሬ መሰለ ይባላል። ከዚያ ብድግ አሉና፣

«ሰባተኛውን እኔ በላሁት!» ብለው ጮኹ።

«መቼ?» አሉ መምሬ።

«ትናንት! ቅዳሴ ሳይወጣ!»

«እርስዎ? ምን ነካዎት?»

«ሸተተኝ አባ! ከዚያ ከምድጃው ሥር ጠራኝ። አንድ ጣት ብቻ ብዬ ነው የጀመርኩት፤ ጣት ለካ አሥር ነው!»

አምባው በሳቅ ተናወጠ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ወልደየስ አማቱን ያቅፍ ዘንድ ሮጦ፣ አጠገባቸው ሲደርስ አፍሮ ጉልበታቸውን ሳመ። መምሬ አፈወርቅ መቋሚያቸውን አገጫቸው ሥር ተክለው ቁጣ ሊያሳዩ ሞከሩ፣ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። እንዲህም ብለው ንስሐ ሰጡ፦ «ያቺ ያመጧት በቅሎ ባዶዋን ትመለስና ሁለት ዳውላ የገብስ ዘር ተጭና ወደዚህ ቤት ትምጣ። ስግደቱን ደግሞ ለብቻችን እንነጋገራለን።»

ባላምባራስ ልጃቸውን ግንባሯን ሳሙና ቀስ ብለው «ለምን ሳትናገሪብኝ ቀረሽ?» አሏት።

«አባቴ ነዎት እኮ» አለቻቸው።

ሽማግሌው ያኔ አለቀሱ ይላሉ፤ አላለቀሱም፣ ሰናፍጩ ነው የሚሉም አሉ። ብቻ ገብሱ መጣ፣ ተዘራ፣ ያዘ። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ሳምንት ባላምባራስ ሳይጠሩ መጡ፤ የያዙት አንድ ስልቻ ሰናፍጭ ነበር። አንጓች ስድስቱን ማዕድ በስድስት ወጭት አቀረበችላቸውና ሰባተኛውን ባዶውን ከድና ፊታቸው አኖረችው። እኚያ ሰውዬ ክዳኑን አንሥተው፣ ብድግ ብለው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው «እኔ በላሁት!» አሉ። እስኪሞቱ ድረስ በየዓመቱ እንዲህ ሲሉ ኖሩ፤ አምባውም በዚያ ወጭት ተጠርቶ ቀረ።

ዛሬም የሙሽራ አባት ሲመጣ ባዶው ወጭት ይገለጥና የመንደሩ ሽማግሌ «ሰባተኛውን ማን በላው?» ብሎ ይጠይቃል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከከተማ የመጣ ከረባት ያሰረ አባት «እኔ ምንም አልበላሁም!» ብሎ ተቆጥቶ ነበር አሉ። ሁሉም ዝም ብሎ ጠበቀ፤ ልጁም ዝም ብላ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ፣ ፊቱ ቆመች። ወጭቱን አየ፣ ልጁን አየ፤ ማን እንደነገረው አይታወቅም፣ ከረባቱን ላላ አደረገና ተነሥቶ «እኔ በላሁት!» አለ። እልልታው ገደሉን ተሻገረ።

ያን ጊዜ ነው ልጅቱ ወደ ጓዳ ገብታ፣ በነጠላ የተጠቀለለውን ማሰሮ አውጥታ፣ ያንን ባዶ ወጭት በስልጆ እስከ አፉ የምትሞላው። አባትየውም አንድ ጣት ብቻ ብሎ ይጀምራል።