ድንኳኑን ሳልሞት አምጡት

አንድ ጡረታ የወጣ የጭነት መኪና ሹፌር ነበረ። ጣርማ በርን በጭጋግ ሲወርድ ያልፈራ ሰው ሽንት ቤት መመላለሱን ግን ፈራ። ሚስቱ ወይዘሮ ትርንጎ ስትጠይቀው «ብርድ ነው» ይላታል። በሐምሌም ብርድ፣ በሚያዝያም ብርድ። ወንዶች፣ አትሳቁ፤ ይቺን ብርድ ስንቶቻችን እናውቃታለን።

በመጨረሻ እሷው ጎትታ ሐኪም ቤት ወሰደችው። ተመረመረ፤ የፕሮስቴት ካንሰር ተባለ። ገና ከቦታው አልወጣም፣ ቶሎ ከታከመ ተስፋ አለው ተባለ። እሱ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ዶክተር፣ ምን በድዬ ነው?»

ሐኪሟ በደል እንዳልሆነ ነገረችው። በሰውነታችን ሕዋስ ሁሉ ውስጥ መቼ እደግ፣ መቼ ቁም የሚል ትእዛዝ አለ፤ ዘረመል ይሉታል። በእሱ ላይ ለውጥ ይደርሳል። አንዳንዱ ከወላጅ ይወረሳል፣ አብዛኛው ከዕድሜ ጋር ይመጣል። አንዱ ለውጥ ለብቻው ብዙ ጊዜ አቅም የለውም። ግን አንዱ ማቆሚያውን ሲያበላሽ፣ ሌላው እደግ እደግ ሲል፣ ሌላው ደግሞ የተበላሸውን የሚጠግነውን ሲያሰናክል፣ ያኔ ካንሰር ይሆናል። ወንድሞችህም ይመርመሩ አለችው።

ሹፌሩ ገባው። ዳገት ላይ የቆመ መኪና የእጅ ፍሬኑ ቢለቅ ማርሹ ይይዘዋል፤ ማርሹ ቢለቅ ጎማው ሥር ያለው ታኮ ይይዘዋል። ሁሉም ሲከዱት ነው ገደል የሚገባው።

«ተማክረው ነዋ የመጡብኝ» አለ።

«ሳይማከሩም ተጋግዘዋል፣ አባባ።»

ታዲያ መንገድ ላይ ሚስቱን ምን ቢላት ጥሩ ነው? ለወንድሞቼም ቢሆን ትንፍሽ እንዳትዪ! ወይዘሮ ትርንጎም፣ እነሱ ተጋግዘው መጥተው አንተ ብቻህን ልትገጥማቸው ነው ወይ አለችው። እሱም አኮረፈ።

እሑድ የሰፈሩ እድር ተሰበሰበ። ሹፌሩ ደጋግሞ ሲወጣ ጎረቤቱ ንጋቱ «የጋሽ ውብሸት ራዲያተር ማፍሰስ ጀመረ» ብሎ ሰዉን አሳቀ።

ሹፌሩ በሩ ላይ ቆመ። ብርድ ነው ብሎ ማለፍ ይችል ነበር።

«ካንሰር ነው» አለ። «ተጋግዞ ነው የመጣብኝ። እናንተ ደግሞ ስሞት ድንኳን ተሸክማችሁ ተጋግዛችሁ ልትመጡ ነው። አልፈልግም። ድንኳኑን ሳልሞት አምጡት። አሁን ኑ፤ ማክሰኞ ቀጠሮ አለኝ፣ ሐኪም ቤት አብራችሁኝ ተሰለፉ። ንጋቱ፣ ያንተም ራዲያተር ይታይ።»

ሳቁ ጠፋ። ንጋቱ ጠጋ አለና፣ «እኔም ብርድ ነው እያልኩ ነው የከረምኩት፣ ጋሼ» አለ። «ማክሰኞ አብሬህ ልሂድ?»

ወገኖቼ፣ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን። ይህን አባባል ክፉም የሚያውቀው አይመስለንም! እነዚያ ጥቃቅን ለውጦች አፍ የላቸውም። ስብሰባ አይጠሩም፣ ዳኛ አይመርጡም። ግን ይተጋገዛሉ። እኛስ? አፍ ተሰጥቶን በየጓዳችን ዝም!

ቀብር ሲባል ማን ይቀራል? ሐኪም ቤት ሲባልስ ማን ተጠርቶ ያውቃል? እግዚአብሔር ጎረቤት የሰጠን አፈር እንዲያለብሰን ብቻ ነው?

ሹፌሩ ሕክምናውን ጀምሯል፤ ወንድሞቹም ተመርምረዋል። ይድናል ወይ ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ እሱን ፈጣሪው ያውቃል። እኔ የማውቀው ዳገቱ ላይ ብቻውን አለመቆሙን ነው።

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ከጎናችሁ ያለውን ሰው እዩት። ፍሬኑ ለቆ ይሆናል፣ ማርሹም ለቆ ይሆናል፤ እሱ ግን ብርድ ነው ይላችኋል። አትመኑት። ታኮ ሁኑለት።