የአባት መሐላና ቀዩ ብርሃን

አንዲት ሴት ነበረች። አይ ፋንታዬ፣ ፊዚክሱን ትቼ አይደለም። ደማቁ ቀይ ብርሃን ከብረቱ ላይ አንዲት ኤሌክትሮን ማስወጣት ሲያቅተው፣ ደብዛዛው ሐምራዊ ወዲያው የሚያስወጣት ለምንድን ነው ብለሽ ጠይቀሽኝ የለ? እሱን እየመለስኩልሽ ነውና ቁጭ ብለሽ ስሚ።

ይህች ሴት ከባሏ ተጣልታ አባቷ ቤት ገባች። ጸባቸው ለወሬም የማይበቃ ነበር። አባትየው ግን ቁጡ ናቸውና «እዚያ ሰው ቤት ብትመለስ አባቷ አይደለሁም» ብለው በሚካኤል ማሉ። ንዴቷ ሲበርድ ባሏ ናፈቃት። ምን ታድርግ? የአባቷን መሐላ ረግጣ አትወጣ ነገር። እህል አልወርድላት አለ፤ ደጅ ላይ ኮቴ በሰማች ቁጥር ብድግ ትላለች።

ባልም ናፍቆቱ አላስቀምጥ ሲለው፣ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብሎ ያገኘውን ሁሉ ሽምግልና ላከ። ጎረቤቱ ሄደ፣ አበልጁ ሄደ፣ የዕድር ጓደኛው ሄደ። እያንዳንዱ በየተራው ደጅ ቆሞ ይለምናል፤ አባትየው «መሐላዬን ማን ይፍታልኝ?» ይሉታል፤ አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል። የትናንቱ ልመና ለዛሬው አይደመርም። እሷ ጓዳ ሆና ሲመለሱ እየሰማች ታለቅሳለች።

አንድ ቀን የአባትየው የነፍስ አባት ብቻቸውን መጡ። ያረጁ ናቸው፣ ድምፃቸውም በቅጡ አይሰማም። ሰውየውን አስጎንብሰው «እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉ። ሌላ ልመና አላስፈለገም። የተረፋቸውን ምርቃት ደግሞ ለልጅቷ ሰጧት፤ ነጠላዋን እንኳ በወጉ ሳታጣፋ ወደ ቤቷ ሮጠች።

እንግዲህ ፋንታዬ፣ ኤሌክትሮኗ ያቺ ሴት ናት፤ ብረቱ መሐለኛው አባቷ። ብርሃንም እንደ ሽማግሌዎቹ በቅንጣት በቅንጣት፣ አንድ አንድ እያለ ነው የሚመጣው። ቀዩን ስታደምቂው ሽማግሌ ታበዢያለሽ እንጂ ለአንዱም የመፍታት ሥልጣን አትጨምሪለትም። ሐምራዊው ጥቂት ቢሆንም እያንዳንዱ ቅንጣት እንደ ነፍስ አባቱ መሐላውን ይፈታል፤ ከመፍቻው የተረፈው ጉልበት ፍጥነቷ ይሆናል። ሴትየዋ የቆየችው መሄድ ጠልታ እንዳይመስልሽ፣ ልጄ። ደጇ የቆመው ሁሉ አዝኖላታል፤ ሊፈታት የሚችል ግን አንድ ሰው ነበር።