አያ ጅቦ ያልገባው ካርቱን

አንድ ጊዜ፣ አራዊት ሁሉ ኮምፒውተር መነካካት በለመዱበት ዘመን፣ እመት አህይት አንድ ፕሮግራም ጻፈች። ንጉሡ አያ አንበሶ ግብር የሚያበላው ባደነበት ስፍራ ነው፤ የት እንደሚያድን ደግሞ ለማንም አይናገርም። የአህይት ፕሮግራም ግን ዝናቡንና የሚዳቋን መንገድ አይቶ ቦታውን አስቀድሞ ይናገራል። አያ ጅቦ ይህን ሲሰማ ምራቁ ተዝረበረበ። ግብር እያመለጠው ስንቱን ሳምንት በባዶ ሆዱ ገፍቶታል!

ወዲያው ወደ አህይት ቤት ገሰገሰ። እሷም ከእሾህ አጥሯ ጀርባ ሆና፣ «ይውሰዱት አያ ጅቦ፣ ለሁሉም ክፍት ነው። የተጣመመ ካገኙ ያቃኑት፤ ያቃኑትንም ለሁላችን ያካፍሉ» አለችው።

«እኔ ስወስደው ላንቺ ምን ይተርፍሻል?»

«ምንም አይጎድልብኝም።»

«እንዴት አይጎድልም? ሥጋ ስወስድ ይጎድላል!»

«ሥጋ አይደለማ!»

አያ ጅቦ ግራ ገባው። የማይጎድል ነገር በዕድሜው አይቶ አያውቅም። «ይህቺ አህያ ልታታልለኝ ነው» ብሎ ፕሮግራሙን ተሸክሞ ሮጠ። ዋሻው እንደደረሰ ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገባው፤ ሌላ እንዳይሰርቀው ብሎ የኢንተርኔቱን ገመድ በጥርሱ በጠሰና በሩን በቋጥኝ ዘጋ። ከዚያም ደጃፉ ላይ ተጋደመ። አሁን ፕሮግራሙ የእሱ ብቻ ሆነ። ቢያንስ እሱ እንዲህ መሰለው።

ከዕለታት አንድ ቀን ከሾላው ዛፍ ሥር የሳቅ ሁካታ ሰማና ሄደ። ቀበሮ አዲስ ካርቱን ሥላ ግንዱ ላይ ለጥፋለች። በመጀመሪያው ሥዕል አንድ ጅብ ትልቅ ቁልፍ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ በር ይጠብቃል። በሁለተኛው ቤቱ ግድግዳ የለውም፤ አራዊት ከኋላ ይገባሉ፣ ይወጣሉ፤ ኤሊ ጣራው ላይ ሆና የሚያፈሰውን ትደፍናለች። በመጨረሻው ጅቡ ደረቱን ነፍቶ «አንድም ፍጡር አላስገባሁም!» ይላል።

አያ ጅቦ አየው፤ ደግሞ አየው። የማን ቤት ነው? ግድግዳውን ማን ወሰደው? ሁሉም ሆዱን ይዞ ይስቃል። ብቻውን ዝም ማለቱ አሳፈረውና ከሁሉም በላይ ገለፈጠ።

«ገባህ እንዴ፣ አያ ጅቦ?» አለችው ቀበሮ።

«እንዴታ!»

«ምኑ አሳቀህ?»

አያ ጅቦ ዓይኑን ወደ ሥዕሉ ወረወረ። «ኤሊዋ… ጣራ ላይ እንዴት ወጣች!»

አራዊቱ እንደገና በሳቅ ፈረሱ። ቀበሮ አዘነችለት መሰለኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ልንገርህ? ይጠቅምሃል እኮ» አለችው።

«እኔን? ለማላውቅ ንገሪ!» ብሎ እየተጎማለለ ሄደ። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ? የጅብ እራትም እንደዚያው ነው።

ክረምት ገባ። አያ ጅቦ ፕሮግራሙን ከፍቶ ቢጠይቀው፣ «ግብሩ ከወንዙ ወዲህ፣ ከጉብታው ሥር ነው» አለው። ከጉብታው ሥር ቢደርስ ግን ጭር ብሏል። ነፋሱ የጥሬ ሥጋ ሽታ ያመጣለታል። ቀና ቢል፣ ወንዙ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ይጋልባል፤ ከማዶ አገሩ ሁሉ ተሰብስቦ ይበላል።

«ኧረ እኔስ?» ብሎ ጮኸ።

«ምነው ወዲያ ቀረህ?» አለችው ቀበሮ ከማዶ። «ፕሮግራሙ አያ አንበሶ በክረምት ወንዙን እንደሚሻገር አያውቅም ነበር። ኤሊ አረመችውና በኢንተርኔት ለሁላችን ደረሰን። ላንተ አልደረሰህም?»

«ኤሊ? በየት ገብታ?» አያ ጅቦ ጭራሽ ተምታታበት። «እኔ ከደጃፌ ንቅንቅ አላልኩም! አንድም ፍጡር አላስገባሁም!»

ማዶ ያለው ሁሉ ማላመጡን አቆመ። ከዚያ ሳቁ እንደ ደራሽ ውሃ ፈነዳ። አያ ጅቦም እንደ ልማዱ አብሮ ሊገለፍጥ አፉን ከፈተ። ቁልፉ ትዝ አለው፤ ግድግዳ የሌለው ቤትም፣ ጣራ ላይ ያለችው ኤሊም።

አፉን ቀስ ብሎ ዘጋ። ቀልዱ ገና አሁን ገባው፤ ሥጋው ግን እያለቀ ነበር።

ከዚህ የምንማረው ለሁሉም የተሰጠውን ለብቻው የሚቆልፍ ራሱን ከውጭ እንደሚቆልፍ፣ ሳይገባው የሚስቅም የተሳቀው በራሱ ላይ መሆኑን የሚያውቀው ማዕዱ ሲነሣ እንደሆነ ነው።