የፊታውራሪ የጾም ዓሣ

የሐይቁ ዳር ገዥ ፊታውራሪ ጓንጉል «ባለታንኳዎች ዓሣውን ጨረሱት» ብለው ማጥመድ ከለከሉ። የራሳቸውን መረብ ግን በነሐሴ፣ በወንዙ መግቢያ ላይ ዘረጉ።

አንድ ዓሣ አጥማጅ «መረቡን ያንሱልን» ሊል ሲመጣ፣ ፊታውራሪ ከነፍስ አባታቸው ጋር ከነሆዱ የተጠበሰ ዓሣ እየበሉ ነበር።

አጥማጁ ማዕዱን ትኩር ብሎ ሲያይ ፊታውራሪ ተቆጡ፦ «ፍልሰታ ነው፤ ሥጋ አልበላሁም! ዓሣ በልቼ ጾም ገድፌ እንደሆነ አስረዳኝ። ካቃተህ ትገረፋለህ!»

«ጌታዬ፣ በጾም እንቁላል ይበላል?»

«በስመ አብ! ማን ደፍሮ?»

«እንግዲያው የዓሣውን ሆድ ገልጠው ይዩት። በነሐሴ ወደ ወንዝ የሚወጣው እንቁላሉን ሊጥል ነው። እኛ ከአባቶቻችን ጀምሮ በዚህ ወር እዚያ አናጠምድም።»

የነፍስ አባትየው ማኘካቸውን አቆሙ።

«ደግሞስ ጌታዬ፣ ዓሣውን እኛ ጨርሰነው ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ በምን ይገድፉ ነበር?»