የረቡዕ ተረኛ

አንዲት የኮሌጅ ተማሪ ነበረች። ቫይረሱ ከልደቷ ጀምሮ በደሟ ያለ፣ መድኃኒቷን በሰዓቱ የምትውጥ፣ ሳቋ ከግቢው አጥር ውጭ የሚሰማ ልጅ። እኔ የአጥሩ ጎረቤት ነኝና ሳቋን በደንብ አውቀዋለሁ።

ኮሌጁ የፀረ ኤድስ ክበብ ነበረው። ምን ዓይነት ክበብ መሰላችሁ? ኅዳር ሲመጣ የሚነሣ፣ ኅዳር ሲወጣ የሚተኛ። ባነሩ ከመጋዘን ወጥቶ አቧራው ይራገፋል፤ ቀይ ሪባን ደረት ላይ ይሰካል፤ ንግግር ይደረጋል፤ ይጨበጨባል። በማግስቱ ባነሩ ተጠቅልሎ ይገባል፤ በሩም ይቆለፋል። ምነው፣ ቫይረሱም እስከሚቀጥለው ኅዳር የዓመት ፈቃድ ይወጣል እንዴ?

ይቺ ልጅ የክበቡ ሰብሳቢ ስትሆን በሩን በየረቡዕ ከሰዓት ትከፍተው ጀመር። የሻይ ብራድና የዳማ ገበታ አስገባች። የፈለገ ይጫወታል፤ የፈለገ ያፈረበትን ነገር ይጠይቃል፤ መመርመር የፈራም አብሮት ጤና ጣቢያ የሚሄድ ሰው ያገኛል። እሷም ሰዓቷ ሲደርስ ኪኒኗን ሁሉም እያያት በሻዩ ዋጥ ታደርጋለች። ሻዩን ግን አታንሡብኝ፤ የቀመሱት ሁሉ የቀለም ውኃ ነበር ይላሉ።

አንድ ረቡዕ ሶፎንያስ የሚባል የአንደኛ ዓመት ተማሪ በሩ ላይ መጥቶ ቆመ። እሱም መድኃኒት ይወስዳል። ነገር ግን ብልቃጡ ዶርም ውስጥ እንዳይንኳኳ በጥጥ ጠቅጥቆ፣ ካልሲ ውስጥ ደብቆ ነበር የሚኖረው። ካልሲ ሊዋስ የሚመጣ ልጅ ባየ ቁጥር ልቡ ቀጥ ትላለች። ሰው ከበዛበት ደግሞ ኪኒኑን ሳይውጥ ያድራል። ልጅቷ አስገባችው፤ ሻይ ቀዳችለት፤ ምንም አልጠየቀችውም። እየዋለ እያደረ ለመደ። አንድ ቀን ጥጡን አውጥቶ ጣለው። ከዚያ ወዲህ ኪኒን አላመለጠውም።

ታዲያ ልጅቷ የምትመረቅበት ጊዜ ቀረበ። ኮሚቴዎቹ ሁሉ የእሷው ባች ናቸው፤ አብረው ሊወጡ ነው። ቁልፉስ? ቁልፉ ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ ነው፤ ለማንም ሰጥታው አታውቅም። ክፉ ሆና አይደለም። ስለምትወደው ነው። ልጆቹ ገና ናቸው፣ አይችሉበትም ትላለች። የተማሪዎች ጉዳይ ኃላፊው አቶ መንበሩ ደግሞ አትጨነቂ፣ ኅዳር ላይ እኛው እንከፍተዋለን አሏት። ከኅዳር ማግስትስ? ሶፎንያስ ጥጡን መልሶ ይጠቅጥቅ?

በዚህ ሐሳብ ተይዛ ለፋሲካ ቤቷ ሄደች። ሰሞኑን በእናቷ ቤት የጽዋ ማኅበር ነበርና፣ ደጋሿ እናት ጽዋውን ለቀጣይዋ ተረኛ ሲያስረክቡ አየች። ተረኛዋ እማማ ትርንጎ ቤቴ ጠባብ ነው፣ ጠላዬም እንደ እናንተ አይሆንም እያሉ አንገራገሩ። ማን ሰምቷቸው። ማኅበርተኛው እየሳቀባቸው በእልልታ ሸኛቸው።

«እማዬ፣ እማማ ትርንጎ ባይችሉበትስ?» አለች ልጅቷ።

«የመጣውን አብረን እንጠጣዋለን። እኛስ ስንጀምር መቼ ቻልንበት?»

ኮሌጅ ተመለሰች። ረቡዕ ሲደርስ ሶፎንያስን ጠርታ ቁልፉን ከአንገቷ ፈታች።

«ዛሬ የምትከፍተው አንተ ነህ።»

«እኔ እኮ ሻይ ማፍላት አልችልም።»

«እኔስ መቼ ቻልኩ? ይሉኝታ ይዟችሁ ጠጣችሁልኝ እንጂ።»

እሷ እንደ እንግዳ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ሶፎንያስ ደንግጦ የወሩን ስኳር በአንድ ብራድ ገለበጠው። ጠጡት። ከንፈራቸው እየተጣበቀ፣ እየሳቁ ጠጡት። ከዚያ ልጅቷ በሁሉም ፊት፣ ካንተ ቀጥሎስ ተረኛው ማን ነው ብላ ጠየቀችው። ከኋላ አንዲት አዲስ ተማሪ እጇን አወጣች። ይኸው ሥርዓት ሆኖ ቀረ፤ ቁልፍ የያዘ ሰው ሻዩ ሳይበርድ ተረኛውን ይጠራል።

ልጅቷ ተመርቃ ሄደች። ክረምቱ አለፈ፤ ኅዳር መጣ። አቶ መንበሩ ባነሩን በብብታቸው፣ ትርፍ ቁልፉን በእጃቸው ይዘው ደረሱ። በሩ ተከፍቷል። ውስጡ በሰው ጢም ብሏል፤ ዳማው ደርቷል።

«ማን ከፈተው?» አሉ።

«መቼ ተዘጋና፣ ጋሼ» አለ ሶፎንያስ። ከኪሱ ብልቃጡን አወጣ፤ ኪኒኖቹ ቅጭልጭል አሉ፤ አንዱን በሻይ ዋጠና ለእሳቸውም ቀዳላቸው። አቶ መንበሩ ባነሩን ጥግ አስደግፈው ተቀመጡ። ዳማ ሲጫወቱ አንዲት የአንደኛ ዓመት ተማሪ አሸነፈቻቸው አሉ።

እናንተስ፣ ወገኖቼ? እስቲ አንገታችሁን ዳስሱ። ምን ቁልፍ ተንጠልጥሏል? አንተ የመዘምራኑ አለቃ፣ ከበሮውን ሰው የነካብህ ቀን ፊትህ የሚጠቁረው ለምንድን ነው? አንቺ በሽተኛ ጠያቂዋ፣ አንቺ የታመምሽ ለት የሚሄደው ማን ነው? እናንተ የዘንድሮ ተመራቂዎችስ፣ ገዋኑን ለካችሁ፤ ለፎቶውም ቀጠሮ ያዛችሁ፤ እሰይ። በየግቢያችሁ የከፈታችሁትን በር ለማን ሰጣችሁ?

እግዚአብሔር የሰጠንን ሥራ ስንወደው ለሌላው መስጠት ይከብደናል። ግን ስጡት። ገና ሳትሄዱ፣ እዚያው ተቀምጣችሁ የተበላሸውን ሻይ አብራችሁ መጠጣት በምትችሉበት ጊዜ ስጡት። አይጣፍጥም፤ ጠጡት። እናንተም ስትጀምሩ እኛ ጠጥተንላችኋል፤ ዝም ብለን ነው እንጂ።

ረቡዕ ቅርብ ነው። ተረኛው ማን ነው?