እናቱ ያልታየችው ቡችላ

«የላም በረት» ከማለታችሁ በፊት አንድ ነገር መልሱልኝ፤ ቡችላ ስትገዙ እናቱን አይታችኋል?

አንዲት ፍየል ሁለት ግልገሎቿን የሚጠብቅላት ውሻ ፈልጋ፣ ንጹሕ ዘር ቡችላ እሸጣለሁ ወደሚለው ጦጣ ሄደች።

«እናቱን አሳየኝ» አለችው።

«እመት ፍየል፣ እናቱ አራስ ናት፤ ዓይን እንዳይበላብኝ እሰጋለሁ። ይልቅ ዘሩን እስከ ሰባት ቤት ልቁጠርልሽ!» አለና አንበሳ የጣለ አያት፣ ንጉሥ የጠበቀ ቅድመ አያት እያለ ደረደረላት።

ሰባት ቤት ሲቆጠርለት ማን አይረታም? ቡችላውን ወሰደች፤ ከልጆቿ እኩል አጥብታ አሳደገችው። ሲጎረምስ ግን ጅብ ሆኖ አረፈው፤ ሁለቱንም ግልገሎች በላቸው።

በሳምንቱ ጦጣ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ሽማግሌውን አባ ኤሊን አስቀድሞ ለዕርቅ መጣ። መንደርተኛውም ተከትሏል።

«ተይ እመት፣ ለፈጣሪ ስትይ ማሪው» አሉ አባ ኤሊ። «የጦጣን ዋሾነት እንደሆነ አገር ያውቀዋል።»

«አገር ካወቀ ለእኔ ለምን አልነገረኝም? የእናቱ የጅቧ ጉድጓድ ከደጅዎ ፊት ለፊት ነው። ጦጣ ቡችላውን ከዚያ ሲያወጣ አይተው ዝም አሉ!»

አባ ኤሊ አንገታቸውን ወደ ቅርፊታቸው ሰበሰቡ።

«ጦጣ፣ ድንጋይህን ይዘህ ሂድ። እናንተም ተከተሉት። እሱንም፣ እርስዎንም፣ መንደሩንም፣ አንዳችሁንም ይቅር አልልም።»